ራሙ ይነቀላል ወይ ብለን እንጠይቅ





እኛ በወሎ ሰፈር የምንኖር የመንግሥት ሠራተኞች ማታ ስንገናኝ ከምንጨዋወትባቸው ነገሮች አንዱ ወደፊት ምን ዓይነት ላፕቶፕ ይወጣ ይሆን የሚለው ነው። አንዱ ስክሪኑ ይደምቃል ይላል፤ ሌላው ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራው ክፍል ይፈጥናል ይላል። ሁሉም ደግ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የገዛነው ዕቃ ሲደክም ልናሻሽለው እንችላለን ወይ የሚለው ነው።

ነገሩ በራሴ ደርሷል። ከሁለት ዓመት በፊት ተበድሬ ከውዶቹ አንዱን ስገዛ «ለጊዜው 8 ጊጋ ራም ይበቃኛል፤ ኋላ እጨምርበታለሁ» ብዬ ነበር። ሥራ በዝቶበት ሲንቀራፈፍ ቦሌ መንገድ ወደሚገኝ ጠጋኝ ወሰድኩት። ልጁ ከፍቶ አየና «ጋሼ፣ ይኼ እኮ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፤ አይጨመርበትም» አለኝ። የብድሩ ክፍያ ግን አሁንም ከደመወዜ ይቆረጣል።

ፋብሪካዎቹ ይህን ያደረጉት ያለ ምክንያት አይደለም። ኃይል ቆጣቢው ራም ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ሲበየድ ላፕቶፑ ስስ ይሆናል፤ ባትሪውም ይቆያል። አፕልም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ኤም 1 ራሙን ከፕሮሰሰሩ ጋር በአንድ ጥቅል አድርጎታል። ይሁን እንጂ ሁለቱን የሚያስታርቅ መንገድ ተገኝቷል። ጄዴክ የተባለው የደረጃ አውጪ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ካም 2 የተባለውን ደረጃ አወጣ፤ በዚህም ኃይል ቆጣቢው ራም በብሎን ታስሮ ሲያስፈልግ የሚነቀል ሆነ። ሌኖቮም በ2024 ቲንክፓድ ፒ 1 በተባለው ላፕቶፑ ላይ አዋለው። የሚመጡትም ውድ ላፕቶፖች ይህንኑ ይከተላሉ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ነገር ግን ገዢው ካልጠየቀ ሻጩ ለምን ይደክማል?

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የዶላር ዋጋ በብር ሲታሰብ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በየሦስት ዓመቱ አዲስ ላፕቶፕ የሚገዛ ደመወዝተኛ የለም፤ የመንግሥትም ገንዘብ ቢሆን የሕዝብ ገንዘብ ነው። ስለሆነም የመሥሪያ ቤቶቻችን የግዥ ክፍሎች በጨረታ ሰነዳቸው ላይ «ራሙ፣ ዲስኩና ባትሪው የሚለወጥ ይሁን» የሚል አንድ መስመር ቢጨምሩ መልካም ነው። እኛም ሱቅ ስንገባ ስለ ዋጋው ከመከራከራችን በፊት «ራሙ ይነቀላል ወይ?» ብለን እንጠይቅ።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከወሎ ሰፈር፣ አዲስ አበባ