«ጣሊያን የሠራልን መንገድ» አትበሉን

በአዲስ አበባ ሻይ ቤቶች ውስጥ አንድ የማይሞት ዐረፍተ ነገር አለ። «ጣሊያን አምስት ዓመት ብቻ ቆይቶ ያን ሁሉ መንገድ ሠራልን፤ ትንሽ ቢቆይ ኖሮ…» ይላል። ተናጋሪው ዐረፍተ ነገሩን አይጨርሰውም። ማኪያቶውን ፉት ይላል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ቀሪውን ለአድማጩ ይተወዋል። አድማጩም አብሮ ይነቀንቃል። እኔ ዛሬ የምሟገተው ከዚህ ካልተጨረሰ ዐረፍተ ነገር ጋር ነው። የሙግቴን ሜዳ ደግሞ መርሳ ላይ አደርገዋለሁ።

መርሳ የሀብሩ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከወልድያ ወደ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲወርዱ ትገኛለች። አውቶቡስ ሲቆም ፓፓያና ማንጎ በመስኮት ይቀርባል። በስሟ የሚቀልድ መንገደኛም አይጠፋም፤ «መርሳን ረሳናት» ይባልና ይሳቃል። የምናልፍባት ከተማ ናት፤ የምንሄድባት አይደለችም። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ፣ በሐይቅ፣ በውጫሌ፣ በውርጌሳ፣ በመርሳ፣ በወልድያና በቆቦ አድርጎ ወደ መቀሌና ዐዲግራት የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ሆዷን ሰንጥቆ ያልፋል። ይህ ጎዳና ስሙ ማን ነው? የመንገድ መሥሪያ ቤት ቁጥር ሰጥቶታል። ሾፌሩ ደቡብ ላይ ሆኖ «የወልድያ መንገድ»፣ ሰሜን ላይ ሆኖ «የደሴ መንገድ» ይለዋል። የሻይ ቤቱ ሰው ደግሞ «ጣሊያን የሠራው» ይለዋል። የራሱ የሆነ ስም ግን የለውም።

እስቲ ለአፍታ ራቅ ብለን እንይ። አሮጌ የአሜሪካ መኪና የሚወዱ ሰዎች ሸቭሮሌት «ኤል ካሚኖ»ን ያውቁታል፤ ከፊቱ የቤት አውቶሞቢል፣ ከኋላው ፒክአፕ የሆነ፣ ሁለት ልብ ያለው መኪና ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ለገበያ ቀረበ፤ ጥቂት ዓመታት ተቋርጦ እንደገና በመመለስ እስከ 1987 ተመረተ። ስሙ በስፓኝኛ «መንገዱ» ማለት ነው። የትኛው መንገድ ቢሉ፣ አሜሪካዊው ጆሮ ላይ ወዲያው የሚያቃጭለው «ኤል ካሚኖ ሬያል» ነው፤ የንጉሡ መንገድ። የስፔን ንጉሥ በወረራቸው አገሮች አውራ ጎዳናው የእኔ ነው ብሎ ያወጀበት ስም ነው። ከሜክሲኮ ከተማ ተነሥቶ እስከ ሳንታ ፌ አካባቢ 2,500 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቀው ከረዣዥሞቹ አንዱ ነበር፤ ሁዋን ደ ኦኛቴ የሚባል አዛዥ እ.ኤ.አ. በ1598 ሰፋሪዎችን፣ ከብቶችንና ሠረገሎችን አስከትሎ በዚያ ወደ ሰሜን ዘመተ። በካሊፎርኒያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1769 እስከ 1823 የተተከሉ ሃያ አንድ የሚሲዮን ጣቢያዎችን የሚያያይዝ ሌላ የንጉሥ መንገድ አለ።

ታዲያ ንጉሡ ነው መንገዱን የሠራው? አይደለም። የአገሩ ተወላጆች በእግራቸው ሲነግዱበትና ሲጋቡበት የኖሩት የጥርጊያ መንገድ ነበር፤ ስፔኖቹ ፈረስና ስም አመጡ። እ.ኤ.አ. በ1906 መኪና መሮጥ ሲጀምር የካሊፎርኒያ ሰዎች በመንገዱ ዳር ደወል እየሰቀሉ ያለፈውን ዘመን አሳመሩት። በሚሲዮኖቹ ግቢ ጉልበታቸውን ጨርሰው ስላለቁት ተወላጆች ደወሉ ምንም አይናገርም። ግማሹን የሠራው ናፍቆት ነው፤ ሌላውን ግማሽ የመኪና ሽያጭ ጨረሰው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ኦኛቴ እ.ኤ.አ. በ1599 ያመፁበትን የአኮማ ሰዎች ከጨፈጨፈ በኋላ፣ ከምርኮኞቹ ሃያ አራቱ ወንዶች እግራቸው እንዲቆረጥ ፈረደ። አራት መቶ ዓመት አለፈ። በኒው ሜክሲኮ በፈረስ ላይ ሆኖ የቆመለት ሐውልት ነበር፤ የ400ኛው ዓመት በዓል ሲቃረብ አንድ ሌሊት ሰዎች መጋዝ ይዘው ሄደው የሐውልቱን ቀኝ እግር ቆርጠው ወሰዱ። መንገዱን በእግሩ የሄደበትና እግር የቆረጠው ሰው ሒሳባቸውን እንዲህ ተወራረዱ። መኪና ሻጩ ይህን በማስታወቂያው ላይ አይጽፈውም፤ እኔ ግን ከመኪናው ይልቅ ይህ ታሪክ ይበልጥብኛል።

ወደ እኛ እንመለስ። የእኛም ጎዳና አንድ ጊዜ ስም ነበረው። የሰጡት ጣሊያኖቹ ናቸው፤ ከአሥመራ አዲስ አበባ የሚመጣውን «ስትራዳ ዴላ ቪቶሪያ» አሉት፤ የድል መንገድ። የማን ድል? መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ በመርዝ ጢስ የተገኘው ድል። ሚያዝያ 7 ቀን ደሴ ተያዘች። ባዶልዮ ከዚያ ከ1,700 በላይ መኪናዎች አሰልፎ «የብረት ፈቃድ ጉዞ» ብሎ በሰየመው ሰልፍ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ። እዚህ ላይ የሻይ ቤቱ ወዳጄ ቆም ብሎ እንዲያስብ እጠይቀዋለሁ፦ ያ ሁሉ መኪና ከደሴ አዲስ አበባ የሄደው በምን ላይ ነው? በአየር አልሄደም። ከጦርነቱ በፊት በኢትዮጵያ መንግሥት የተቆረጠ፣ ጭቃና አቧራ ቢሆንም መኪና የሚያስኬድ መንገድ ነበረ። ጣርማ በር ላይ ወገኖቻችን መንገዱን ሰብረው ስለነበር ነው ሰልፉ የተጉላላው። የሌለ መንገድ አይሰበርም።

ከመኪና በፊትም መንገዱ መንገድ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ሠራዊታቸውን ወረ ኢሉ ላይ ከትተው በአሸንጌ በኩል ወደ መቀሌና ዐድዋ ያመሩት በዚሁ በወሎ አቅጣጫ ነው። ለዚያ ጦርነት ሰበብ የሆነው ውል የተፈረመውም ከመርሳ ብዙ በማይርቀው ውጫሌ ነው፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.። በ17ኛው አንቀጽ የአማርኛውና የጣሊያንኛው ቃል አልገጠመም፤ ባለመግጠሙም ደም ፈሰሰ። ስም ምን ያደርጋል፣ ቃል ምን ያደርጋል የሚለኝ ሰው ውጫሌ ወርዶ ይጠይቅ።

ጣሊያን አልሠራም አልልም። ጣርማ በር ላይ ተራራውን በስቶ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ዋሻ አውጥቷል፤ በሙሶሊኒ ስምም ጠራው። ድልድዮቹን አይተናል፤ ጠንካሮች ናቸው። ቋንቋችንም ይመሰክራል፤ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቸርኬ፣ ኮፋኖ እያልን ነው መኪናችንን የምንጠግነው። ግን መንገዱ ለማን ተሠራ? መድፍና ወታደር ፈጥኖ እንዲደርስ ነው። ድንጋዩን ከፈለጡት መካከል የጣሊያን ድሆች ነበሩ፣ ከእነርሱ ባነሰ ደመወዝ የተቀጠሩ የእኛ ሰዎችም ነበሩ። «ሠራልን» የምትለዋ ቃል ውስጥ ያለችው «ል» ናት የምታበሳጨኝ። ሌባ ቤትህን ሰብሮ ሲገባ የተወውን መሰላል «አበረከተልኝ» አትልም።

ደግሞም ያ መንገድ ያኔ እንደተሠራ አልቆየም። ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ዝናብና ጎርፍ ይበላው ነበር። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1950 የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ መንገዶች 5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ፤ ባንኩ ለአፍሪካ ከሰጣቸው ብድሮች የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ብድር ነው፣ ስጦታ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ጎርፍ የወሰደውን የሞላው፣ ናዳ የጠረገው፣ አስፋልት ያነጠፈው ወራሪው ጦር አልነበረም። የአምስት ዓመቱን ጌታ ስም ጠርቶ የሰባ ዓመቱን ሠራተኛ መርሳት ከምን የመጣ ልማድ እንደሆነ ይገርመኛል።

አሁን ወደሚያመኝ ነገር ልግባ። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ገበሬ በሬውንና እርሻውን ጨርሶ ወደዚህ መንገድ ወረደ። ከደሴ ወደ ሰሜን በሚወስደው ጎዳና ዳር ሰው ተሰልፎ አውቶቡስና መኪና እያስቆመ እህል ይለምን ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ፎቶግራፍ አንሥተው አዲስ አበባ ድረስ አመጡ። ወደ ዋና ከተማዋ በእግሩ የተጓዘው ገበሬ ከመንገድ ተመለሰ። ይህን ሁሉ የምናውቀው መንገድ ዳር ስለሆነ ነው፤ ከመንገድ ርቆ በየቀበሌው የሞተውን ማን ቆጠረው? አማርትያ ሴን የሚባለው የሕንድ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፉ የጠቀሰው ነገር አለ፦ በዚያ ረኀብ ወቅት ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ እህል ይወጣ እንደነበር የሚያሳዩ ዘገባዎች አሉ። ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም ነበር፤ ገበሬው የጎደለው መግዣ ነው። እንግዲህ አንባቢ ሆይ አስበው፤ የተራበው ሰው መንገድ ዳር ተቀምጧል፣ እህሉ በፊቱ ተጭኖ ያልፋል። «መንገድ ልማት ነው» የሚለው መፈክር እዚህ ላይ ትንሽ መተንፈስ ያለበት ይመስለኛል።

መንገዱ ከዚያም በኋላ አላረፈም። በ1977 ዓ.ም. ዓለም በቴሌቪዥን ያየው ኮረም በዚሁ መስመር ላይ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ከወልድያ፣ ከመርሳ፣ ከደሴ ተንከባሎ እስከ ሸዋ ሮቢት የወረደው በዚሁ አስፋልት ነው።

እኛ ስም ማውጣት አናውቅም እንዳይባል! አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር»፣ ሚኒባሱን «ዶልፊን» ያልን ሰዎች ነን። ለሚገድለን መኪና ስም ለማውጣት አንድ ሳምንት አይፈጅብንም፤ ለምንሄድበት መንገድ ግን ዘጠና ዓመት ሊሞላ ነው። አሜሪካኖቹ መኪናውን በመንገድ ስም ጠሩት፤ እኛ መኪናውን በአሸባሪ ስም ጠርተን መንገዱን ለወራሪ ተውንለት። አዲስ አበባ ውስጥ ቸርችል ጎዳና አለን።

አንድ ወዳጄ ይህን ስነግረው «መንገድ በሚያደርስበት ቦታ ይጠራል፤ ከዚህ የበለጠ ምን ስም አለ?» አለኝ። ክርክሩ ለዛ አለው። ለሾፌር ይበቃል። ግን ስሙ ባዶ ሲሆን ባዶውን የሚሞላው ሰው አይጠፋም፤ ሻይ ቤቱ ሞልቶታል። ሌላው ደግሞ በነገሥታት ስም እንጥራው ይላል። ይህንንም አልወደውም፤ የስፔኑን ንጉሥ መንገድ አይተናል፣ በኋላ መጋዝ ያመጣል።

እኔ የምለው ይህ ነው። ከሐይቅ እስከ ቆቦ ያለው ቁራጭ «የስድሳ አምስት መንገድ» ይባል። ሰው ተሰልፎ በለመነበት ዳር ድንጋይ ይቁም፤ ዓመቱና የቦታው ስም ብቻ ይጻፍበት። ሐውልት አያስፈልግም፣ የሚመርቅ ባለሥልጣንም አያስፈልግም። ወጪው ከአንድ ሲኖትራክ ጎማ የሚበልጥ አይመስለኝም። የመጀመሪያው ድንጋይ መርሳ ላይ፣ አውቶቡሶቹ ለፓፓያ በሚቆሙበት በኩል ቢተከል እመርጣለሁ።