ዝምታ ፈቃድ ነውን?



ውድ ወንድሞችና እህቶች! «ሕገ መንግሥት» ሲባል ብዙዎቻችን የፖለቲከኞች ጉዳይ አድርገን እናልፈዋለን። ግን የኒካሕ፣ የፍቺና የውርስ ክርክራችንን በሸሪዓ ፍርድ ቤት የምንዳኘው ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34(5) በሩን ስለከፈተልን ነው። ለዚህም አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጧል፦ የተከራካሪዎቹን ፈቃድ።

ይህች ቃል እንዴት ትተርጎም? አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ሙስሊም እህት በውርስ ጉዳይ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ተከሰሰች። በዚያ መዳኘት እንደማትፈልግ ብትናገርም ተፈረደባት። በአገራችን ሕገ መንግሥት የመተርጎም ሥልጣን በአንቀጽ 62 የተሰጠው ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ስለሆነ አቤቱታዋ እዚያ ደረሰ። ምክር ቤቱም በ1996 ያለ ፈቃዷ የተሰጠው ፍርድ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ብሎ ወሰነ።

ውሳኔውን ሸሪዓን እንዳዳከመ የሚያዩት አሉ። እኔ አልስማማም። ሳይወድ በግድ የተዳኘ ሰው ቅሬታው በቃዲው ላይ ብቻ አይቀርም፣ ወደ ዲኑም ይሻገራል። ወዶ የመጣ ግን ቢፈረድበትም ፍርዱን ይቀበላል።

ያልተዘጋው ጥያቄ የዝምታ ነው። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አዋጅ 188/1992፣ መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ሰው እንደፈቀደ ይቆጠራል ይላል። አዋጁ የፌዴራል ቢሆንም ጥያቄው የኛም ነው። ከዝቋላ ገጠር ሰቆጣ ድረስ ተጠርታ ያልመጣች እናት ፈቅዳ ነው የቀረችው? ወይስ መንገዱ ርቋት፣ ወይስ ወረቀቱን የሚያነብላት አጥታ?

ኡለማዎቻችን ዝም ላለ ሰው ንግግር አይለጠፍበትም የሚል መርሕ አላቸው። «የልጃገረድ ዝምታ በኒካሕ ፈቃድ ይሆን የለ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ግን እሷ ፊት ለፊት ተጠይቃ ነው፤ ዝም የምትለውም ሐያእ ይዟት እንደሆነ ስለሚታወቅ ነው። ያልተጠየቀ ሰው ዝምታ ከዚህ ጋር አይመሳሰልም።

ስለዚህ ፈቃድ የሚለው ቃል በዓላማው ይተርጎም። ዓላማው ሰው የሚዳኝበትን አውቆ እንዲመርጥ ነው። ለዚህ ደግሞ ምክር ቤቱን መጠበቅ አያሻም፤ አንቀጽ 13(1) በየደረጃው ያሉ የዳኝነት አካላት መብቶችን የማክበርና የማስከበር ግዴታ አለባቸው ይላል። ቃዲው ክርክሩን ከመጀመሩ በፊት ሁለቱንም በሚገባቸው ቋንቋ ይጠይቅ፣ መልሳቸውንም ይመዝግብ። ያልቀረበውን ሰው ምን እንዳስቀረው ሳያጣራ «ፈቅዷል» አይበል።

እናንተ የከተማ ወጣቶችም ድርሻ አላችሁ። ለእናቶቻችሁና ለእህቶቻችሁ መጥሪያ ሲመጣ ቁጭ ብላችሁ አንብቡላቸው። ሸሪዓን መምረጥ መብታቸው እንደሆነ፣ ምርጫውም የራሳቸው መሆኑን ንገሯቸው። ለሸሪዓ ፍርድ ቤታችን ክብር የሚጨምርለት ወዶ የሚመጣው ሰው ነው።

ወላሁ አዕለም።