ሱኩማ ዊኪ ለጀማሪ

ወንድ ልጅ ጓዳ አይግባ እያልን አሳደግነውና፣ ናይሮቢ ሳውዝ ሲ ብቻውን ቤት ሲከራይ በሻይና በዳቦ ይውላል፤ ሆቴል ከገባ ደግሞ የኪራዩን ይበላል።

ዛሬ ሱኩማ ዊኪ እናስተምረው። ስሙ በስዋሂሊ «ሳምንቱን ግፋ» ማለት ነው፤ ርካሽ ነዋ! አንድ ሽንኩርት ከትፎ በሁለት ማንኪያ ዘይት ያቁላላ፤ አንድ ቲማቲም ይጨምር። ታጥቦ በቀጭኑ የተከተፈ አንድ እስር ጎመን ከትንሽ ጨው ጋር ያስገባና 5 ደቂቃ ያህል ያማስል፤ አረንጓዴነቱ ሳይጠፋ ያውርድ። በኡጋሊ ይበላዋል።

አደራ! በከሰል ሲያበስል በርና መስኮት ይክፈት፤ ምድጃውን ቤት አስገብቶ አይተኛ። የከሰል መርዝ ባይታይም፣ ባይሸትም ይገድላል።

እናቶች፣ ልጁን ከመሸኘታችሁ በፊት አንድ ቀን እሱ ያብስል፣ እናንተ ተቀመጡ።