ጠጠር የወጣበት መሬት ወደ እርሻ ስለሚመለስበት ጉዳይ

ከገዳሪፍ ወደ ወድ መደኒ በሚወስደው መንገድ የተጓዘ ሰው ሁሉ የፋውን ኮረብታዎች ያውቃል። ወሰን የሌለው ከሚመስለው ጥቁር ሜዳ ላይ ብቻቸውን ብቅ ያሉ ናቸውና ከሩቅ ይታያሉ። ስሙም ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ በ1977 ዓ.ም. በረኃቡ ጊዜ የተሰደዱ እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያን በዚያ አካባቢ በተቋቋሙ መጠለያዎች ተቀምጠዋል። ከተማይቱም በ1960ዎቹ መጨረሻ ሥራ የጀመረው፥ ስፋቱ 300,000 ፈዳን ያህል የሆነው የረሃድ መስኖ እርሻ ድርጅት መቀመጫ ሆና የቆየች ናት።

በዚህ ሜዳ ላይ ድንጋይ የለም። በኢትዮጵያ ዋልካ የሚባለው ዓይነት ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፥ በበጋም ይሰነጠቃል፤ ጠጠር ያልተነጠፈበት መንገድ የመጀመሪያውን ዝናብ አይችልም። የቦይ ድልድይም ሆነ የእህል ጎተራ ያለ ድንጋይ አይጸናም። ድንጋዩና ገረገንቲው የሚገኘው ግን ከኮረብታዎቹና ከግርጌያቸው ብቻ ነው። ግርጌው ደግሞ ከኮረብታው የሚወርደውን ጎርፍ አስቀድሞ የሚጠጣ ስለሆነ ለማሽላና ለሰሊጥ የተመቸ ነው። እንግዲህ ለመንገዱ የሚፈለገው ስፍራና ገበሬው አጥብቆ የሚይዘው ስፍራ አንድ ሆኖ ይገኛል። መንገዱ ይቅር የሚል አስተዋይ ሰው አይኖርም፤ ያለ መንገድ ሰሊጡ ገበያ አይደርስም። ክርክሩ ጠጠሩ ከወጣ በኋላ መሬቱ በምን ሁኔታ ለገበሬው ይመለሳል በሚለው ላይ ነው።

በብዙ ስፍራ የሚታየው ልማድ የሚያስመሰግን አይደለም። ማሽኑ መጥቶ የላዩን አፈር ከታችኛው ጋር ደባልቆ ወደ ዳር ይገፋዋል፤ ጠጠሩ ይጫናል፤ ሥራው ሲያልቅ ጉድጓዱ አፉን ከፍቶ ይቀራል። ክረምት ሲገባ ውሃ ይሞላዋል። ፀሐይ በሚያሞቀው ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ የወባ ትንኝ ትራባለች፥ ዳገቱም ቀጥ ያለ ነውና ውሃ ሊጠጣ የገባ ከብት መውጫ ያጣል፤ በውሃው ሊጫወት የሚገባው እረኛም ከዚሁ አደጋ ነፃ አይደለም። በዳር የተከመረው አፈር የጎርፉን መንገድ ስለሚዘጋው ከታች ያለው እርሻ በጥሩ የዝናብ ዓመት እንኳ ይደርቃል። ይህን የመጨረሻውን ጉዳት ባለ ካባው አይቈጥረውም፤ ካሣ የሚከፈለውም ለተቈፈረው መሬት እንጂ ውሃው ለቀረበት አይደለም።

ጉድለቱ የተቆጣጣሪ አለመኖር ብቻ አይደለም። ተቆጣጣሪው ሲመጣም የሚጠይቀው ስንት ሜትር ኩብ ወጣ፥ ለመንግሥት የሚገባው ገንዘብ ተከፈለ ወይ የሚለውን ነው። ይህ የገንዘብ ያዥ ጥያቄ ነው። አፈሩ የት ነው ብሎ የሚጠይቅ አይገኝም። የሚመጣበት ጊዜም የተሳሳተ ነው፤ ሥራው ካለቀ በኋላ የሚደረግ ምርመራ የተደባለቀውን አፈር ሊለየው አይችልም።

የላይኛው አፈር ነገር በሒሳብ ቢታይ ይሻላል። ከአንድ ሄክታር ላይ 20 ሳንቲሜትር የላይ አፈር ቢገፈፍ 2,000 ሜትር ኩብ ይሆናል። ይህን በ16 ሜትር ኩብ መኪና ከሌላ ስፍራ ለማምጣት 125 ጊዜ መመላለስ ያስፈልጋል፤ የተወሰደበት ስፍራም በተራው ይራቆታል። በመጀመሪያው ቀን ለብቻው ቢገፋና ከ2 ሜትር በማይበልጥ ከፍታ በጎርፍ መንገድ ላይ ሳይሆን ቢከመር ግን ወጪው እዚያው የቆመው ማሽን የጥቂት ሰዓት ሥራ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ቁጥጥር ካባው በሚከፈትበት ዕለት፥ ባለ መሬቱና የእርሻ ሠራተኛው ባሉበት ሊደረግ ይገባል።

አነስተኛ ተቋራጮች ይህ ሁሉ ከዓቅማችን በላይ ነው ይላሉ። አቤቱታው ፈጽሞ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ አምስት ጉድጓድ ከፍቶ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ድፈን ለተባለ ሰው በእርግጥ ይከብደዋል። ነገር ግን ሁለተኛው ሲከፈት የመጀመሪያው እንዲዘጋ ቢታዘዝ የሁለተኛው ትርፍ አፈር ለመጀመሪያው መሙያ ይሆናል። ዳገቱ በየ3 ሜትር ርቀት ከ1 ሜትር የማይበልጥ ሆኖ ይስተካከል፤ መኪና የረገጠው መሬት በጥልቅ ማረሻ ይሰንጠቅ፤ የላዩም አፈር በመጨረሻ ይመለስበት።

ጉድጓዱ ሁሉ ይደፈን ማለት ግን አይደለም። የሱዳን ገበሬ የዝናብ ውሃ ለማጠራቀም ሐፊር የሚባል ኩሬ መቈፈር ያውቅበታል። የታችኛው መሬት ውሃ የማያሰርግ ሸክላ ከሆነ፥ ጎርፉ ደለሉን የሚጥልበት ትንሽ ጉድጓድ ከመግቢያው ላይ ቢበጅለትና ዙሪያው ቢታጠር፥ ከብቱም ወደ ውስጥ ሳይገባ ከውጭ በተሠራ ገንዳ ቢጠጣ፥ የተተወው ካባ ለመንደሩ ሀብት ይሆናል። በአጥሩ ዳር ሙጫ የሚሰጠው የሐሻብ ዛፍ ቢተከል ደግሞ ገቢ አለው። ይህ የሚወሰነው ግን በመንደሩ ሰዎች ፈቃድ እንጂ መድፈኛ ላለማውጣት በሚፈልግ ተቋራጭ ምርጫ መሆን የለበትም።

ከድንበሩ ወዲህም በመተማ፥ በቋራና በሑመራ ያለው ጥቁር አፈርና ሰሊጥ ከገዳሪፉ የሚለይ አይደለም። ሕጉስ አለ፤ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ሥራው ሳይጀመር ጉዳቱ እንዲጠና ያዛል፤ በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678ም ባለ ፈቃዱ የተጐዳውን አካባቢ ለማቃናት ገንዘብ እንዲመድብ ይጠይቃል። ነገር ግን በወረቀት ላይ የተመደበና በእጅ ያለ ገንዘብ ልዩ ልዩ ነው። ገንዘቡ ካባው ከመከፈቱ በፊት በባንክ በዝግ ሒሳብ ተቀምጦ፥ የሚለቀቀውም የወረዳው እርሻ ጽሕፈት ቤትና ባለ መሬቱ መሬቱን ረግጠው አይተው ሲፈርሙ ቢሆን፥ ተቋራጩ ማሽኑን ጭኖ ከመሄዱ በፊት ሁለት ጊዜ ያስባል።

በሱዳን ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የተነሣው ጦርነት ብዙ ሕዝብ ወደ ገዳሪፍ አሰድዶአል። የፈረሰው ሲጠገን የጠጠር ፍላጎት መብዛቱ አይቀርም፤ በችኮላ የሚሰጥ ፈቃድም አብሮ ይበዛል። ጥቁር አፈር ደግሞ እርጥብ ሳለ ከተነካ ተረግጦ እንደ ጡብ ይደርቃልና፥ የመግፈፉም የመመለሱም ሥራ በበጋው ወራት ማለቅ አለበት። ተቆጣጣሪው በሰኔ ከመጣ ዘግይቶአል።