ተናጋሪውና አድማጮቹ

በካርቱም ያደገ ኢትዮጵያዊ ተማሪ በመንገድ ዐረብኛ፣ በቤት አማርኛ ሲናገር ኖሯል። በክፍሉ ተማሪዎች ፊት ቆሞ በአማርኛ ንግግር እንዲያደርግ ሲታዘዝ ግን ጉልበቱ ይብረከረካል፤ አንደበቱም ይተሳሰራል። የሚያስፈራው የሐሳብ እጦት አይደለም። «መጽሐፍ» ሊል ፈልጎ «ኪታብ» የሚለው ቃል ቢያመልጠው ጓደኞቹ እንዳይስቁበት ነው። በእኔ አስተያየት የፍርሃቱ እኩሌታ የአድማጮች ዕዳ ነው።

ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ሲቆሙ፣ የኢጣሊያ ጋዜጠኞች በፉጨትና በጩኸት አወኳቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ረባሾቹ ከአዳራሹ እስኪወጡ ድረስ ዝም ብለው ቆሙ። ከዚያም ፈረንሳይኛ እያወቁ በአማርኛ ተናገሩ። (ከ4 ዓመት በኋላ ወደ አገራቸው ለመመለስ የተሰናዱት በዚችው በካርቱም ነበር።)

ተማሪ እንደ ንጉሥ ይሁን ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ከመጀመሩ በፊት ጥቂት ዝም ብሎ ትንፋሹን መሰብሰብ ይችላል። ጽሑፉን ቃል በቃል መሸምደድ አይበጀውም፤ አንዲት ቃል ከጠፋች የቀረው ሁሉ ተከትሏት ይጠፋልና። የሐሳቡን ቅደም ተከተል ቢይዝ ይሻለዋል። የጠፋውንስ ቃል፣ ከፊት ወንበር የተቀመጠው ጓደኛው ከሚስቅበት ይልቅ ቀስ ብሎ ቢያቀብለው ምን ይጎዳል?