ድግሱን የማይነካ ምክር

በካልጋሪ የሐበሻ ቤቶች ስለ ስኳርና ስለ ስታርች የሚሰጠው ምክር ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። ሐኪሙ አባትን «ይቀንሱ» ይላል፤ አባት ቃሉን ወደ ቤት ይዞ ይመጣል፤ እናት ደግሞ ጓዳዋን እንድታስተካክል ይጠበቅባታል። ምክሩ ትክክል ነው። ስህተቱ ያለው ሸክሙ ባረፈበት ትከሻ ላይ ነው። አንድ ቤተሰብ የሚበላውን የሚወስነው የእናት ፈቃድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ድሮ ባለቀ ነበር። የሥራ ፈረቃ፣ የሸቀጥ ዋጋና የእንግዳ አቀባበል ሥርዓት አብረው ይወስናሉ። ከእነዚህ ውስጥ ማኅበረሰቡ ሙሉ በሙሉ በእጁ የያዘው የመጨረሻውን ነው፤ ሊነካው የሚደፍር ግን የለም።

«በሽታው በዘር ነው፤ የመጣው ይምጣ» የሚለው መጽናኛ ለብዙዎች ይጥማል። ታሪክ ግን መልስ ከሰጠበት ቆይቷል። በኢትዮጵያ ገጠር ሲኖሩ ከስኳር በሽታ ጋር እምብዛም የማይተዋወቁት ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ከተሻገሩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 የታተመ ጥናት በወጣቶቻቸው ላይ ሳይቀር ከፍተኛ የበሽታ ሥርጭት አሳይቷል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዘራቸው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ማዕዳቸውና የቀን ውሏቸው ነው። በካናዳም እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የኦንታሪዮ ጥናት ከሰሐራ በታች ካሉ አገሮች የመጡ ስደተኞች ለስኳር በሽታ ያላቸው ተጋላጭነት ከነባሩ ሕዝብ እንደሚበልጥ አረጋግጧል።

ፖሊሲ የሚወድ አንባቢ «እንግዲያው መንግሥት ቀረጥ ይጣል» ማለቱ አይቀርም። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ ዕድሜው ግን አጭር ሆኗል። ኒውፋውንድላንድና ላብራዶር እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 በጣፋጭ መጠጦች ላይ በሊትር 20 ሳንቲም ጣለች፤ በ2025 አነሣችው። እስራኤልም በ2022 የጣለችውን ተመሳሳይ ቀረጥ በ2023 ሰርዛለች። አልበርታ ደግሞ የክፍለ ሀገር የሽያጭ ታክስ እንኳ የሌላት፣ በታበር ከተማም የካናዳ ብቸኛው የስኳር ድንች ሳይሆን የስኳር ቀይ ሥር ፋብሪካ ያለባት ግዛት ናት። ከእርሷ እንዲህ ያለ ቀረጥ መጠበቅ የዋህነት ነው። እ.ኤ.አ. ከጥር 2026 ጀምሮ ስኳር የበዛበት የታሸገ ምግብ ፊት ለፊቱ ምልክት እንዲይዝ የሚያስገድደው የፌዴራል ደንብ ይጠቅማል። ነገር ግን ባለቤቲቱ በእንግዳዋ ስኒ በምትጨምረው ስኳር ላይ ምልክት የሚለጥፍ ደንብ የለም።

ሒሳቡን ማየት ይበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ አንድ አዋቂ ከተጨመረ ስኳር፣ ከማርና ከጭማቂ የሚያገኘው ስኳር በቀን ከ50 ግራም ገደማ በታች እንዲሆን ይመክራል። አንድ ጣሳ ኮካ ኮላ ወደ 39 ግራም ይይዛል። አቦል፣ ቶናና በረካ ሁለት ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ሲጨመርባቸው 24 ግራም ይሆናሉ። እንግዳው ኬኩን ሳይቆርስ፣ እንጀራውን ሳይቀምስ ከገደቡ አልፏል። «በሞቴ» ተብሎ የቀረበውን መመለስ ደግሞ ነውር ነው።

እዚህ ላይ ነው የግል ፈቃድ አቅም የሚያጣው። ለስላሳውን ከድግሷ ብቻዋን ያስቀረች ሴት «ቆጠበች» ትባላለች። ሃያ ቤተሰብ በአንድ ቀን ተስማምቶ ቢያስቀር ግን የሚታማ አይኖርም። ችግሩ የቅንጅት እንጂ የጽናት ማነስ አይደለም። ስለዚህ መፍትሔውም የሚገኘው ሰው በሚሰበሰብበት፣ በዕድሩ፣ በማኅበሩና በሰንበቴው ነው።

እንጀራን በተመለከተ ሁለት ጎራዎች ይጯጯኻሉ። አንዱ «ማንነታችን ነው፣ አትንኩት» ይላል፤ ሌላው ጨርሶ ይጣል ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2006 የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይላክ ከከለከለች ወዲህ ስደተኛው ለጤፍ ውድ ዋጋ ሲከፍል ኖሯል፤ ውጭ አገር የሚጋገረው እንጀራም ብዙ ጊዜ ስንዴ ወይም ሌላ ዱቄት የተቀላቀለበት ነው። «የአያቶቻችን ምግብ» የሚለው መከራከሪያ በዚህ ይላላል። በሌላ በኩል ምስር ከጎረቤት ሳስካችዋን፣ የክክ አተርም ከራሷ ከአልበርታ ማሳ ይገኛል፤ ካናዳ በምስር ወጪ ንግድ ከዓለም ቀዳሚ ናት። የካናዳ የ2019 የምግብ መመሪያ ግማሹ ሳህን አትክልትና ፍራፍሬ፣ ሩቡ ፕሮቲን፣ ሩቡ ያልተፈተገ እህል ይሁን፣ መጠጡም ውኃ ይሁን ይላል። ጎመኑና ምስሩ በዝቶ እንጀራው ያነሰበት በያይነቱ ከዚህ ብዙም አይርቅም። የሚያስፈልገው መጠኑን መገልበጥ ነው።

«ድግስን በደንብ ማሰር የፈረንጅ ቅዝቃዜ ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ይህን የሚለው በዓመት ከ180 ቀን በላይ ሥጋና ቅቤ የሚከለክል ሥርዓት ያለው ሕዝብ መሆኑ ያስገርማል። በጋራ መታቀብን ከዚህ ማኅበረሰብ በላይ የሚያውቅ ጥቂት ነው። የጎደለው ሥርዓቱን አሁን ወዳለበት አደጋ ማዞር ነው፤ ዛሬ በጾም ስም በፓስታ፣ በነጭ ዳቦና በጣፋጭ ሻይ መጥገብ ይቻላልና።

ስለዚህ ጥያቄው ለእናቶች ሳይሆን ለሰብሳቢዎች ነው። የሚቀጥለው የማኅበር ጉባኤ ሦስት ነገር ይወስን፤ በማኅበሩ ዝግጅት ለስላሳ አይቅረብ፣ ስኳር ለብቻው በሳህን ይቅረብ እንጂ ቀድሞ አይጨመር፣ ወጡ ከእንጀራው ይብዛ። ወጪው ከዜሮ በታች ነው፤ ለለስላሳው የሚወጣው ገንዘብ በካዝና ይቀራል። ይህን ለመወሰን የማይደፍር ማኅበር አንዲትን እናት ብቻዋን «ቤትሽን አስተካክይ» ሊላት አይገባም።