ከኮሮና በኋላ በሆሳዕናና በዱራሜ ምን ተረፈ?

ይድረስ ለክብርት ዶክተር መቅደስ ዳባ፣ የጤና ሚኒስትር
አዲስ አበባ

ክብርት ሚኒስትር ሆይ፣ ደብዳቤዬን በአደባባይ የጻፍኩት የሆሳዕና፣ የዱራሜና የሺንሺቾ ሕዝብም መልስዎን ስለሚጠብቅ ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ በኋላ የታዘዝነውን ፈጸምን። ልጆቻችን ለወራት ከትምህርት ገበታ ራቁ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል፣ ድንኳን ጥለን ለቅሶ የምንቀመጥ ሰዎች ሐዘናችንን በየቤታችን አምቀን ያዝን። ከተሞቻችን ባሉባቸው በሀዲያና በከምባታ ዞኖች ይህ ቀላል ዋጋ አልነበረም። ወረርሽኙ ሲጀምር እርስዎ በሚኒስትርነት አልነበሩም፤ ኃላፊነቱ ግን ከወንበሩ ጋር ይተላለፋል።

እናም ልጠይቅዎ። መሥሪያ ቤትዎ በመላ አገሪቱ ከመዘገበው ከ7 ሺህ 500 በላይ ሞት ውስጥ ከእኛ ዞኖች የነበሩት ስንት ናቸው? ሳይመረመሩ የተቀበሩትንስ ማን ቆጠራቸው?

ኮሮና ከቫይረስ ቤተሰቡ የመጀመሪያው ወረርሽኝ አልነበረም። ከቻይና የተነሣው ሳርስ 774 ሰዎች ገደለ። እ.ኤ.አ. በ2012 በሳዑዲ ዓረቢያ የታወቀው መርስ ከተመዘገቡት ታማሚዎች ከሦስቱ አንዱን ያህል ገድሏል፤ ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፈውም ከግመል ነው። በእኛም አገር ግመሎች ላይ የመርስ ቫይረስ ምልክት በምርመራ ተገኝቷል። እኅቶቻችን ወደ ዓረብ አገራት፣ ወንድሞቻችን ወደ ደቡብ አፍሪካ ይሄዳሉ፤ ይመለሳሉም። ደቡብ አፍሪካ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ኦሚክሮን የተባለውን የኮሮና ዝርያ ቀድማ ለዓለም ያሳወቀችው የቫይረሱን ዝርያ የሚለዩ ላቦራቶሪዎች ስለነበሯት ነው።

ነገ ከስደት የተመለሰች ወጣት ምክንያቱ ባልታወቀ የሳንባ ምች ታማ ሆሳዕና የሚገኘው ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ብትገባ፣ ናሙናዋ የት ይመረመራል? ውጤቱስ በስንት ሰዓት ይደርሳል? በዱራሜ ቢሆንስ? ኦክስጅኑ ለስንት ሰው ይበቃል? በየቀበሌው ምልክቱን ቀድማ ልታይ የምትችለው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጓንትና ጭምብል አላት?

ይህን የምጠይቀው ችሮታ ፈልጌ አይደለም። አገራችን የተቀበለችው እ.ኤ.አ. የ2005ቱ ዓለም አቀፍ የጤና ደንብ ያልተለመደ ሕመምን እስከ ማኅበረሰቡ ወርዶ የመለየትና ወዲያው የማሳወቅ ግዴታ ይጥላል። ግዴታው በአዲስ አበባ ብቻ ሲፈጸም ተፈጸመ ሊባል አይችልም።

ስለዚህ ክብርት ሚኒስትር፣ የእያንዳንዱን ሆስፒታላችንን የምርመራና የኦክስጅን አቅም፣ የጎደለውንም ጭምር፣ በአማርኛ፣ በሀዲይሳና በከምባቲሳ በየዓመቱ ይፋ እንዲያደርጉልን እጠይቃለሁ። የመጀመሪያውን ሪፖርት ሆሳዕና መጥተው በአደባባይ ያቅርቡልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሆሳዕና ነዋሪ